አለ ራሞን

ዓባይነህ የሚነዳው ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጫፍ ተነስቶ ሰባት ቦታ ይቆማል። በሰባቱም ቦታ የሚሳፈሩት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ነው የሚገቡት፤ ትናንት ማን ለማን ምን እንዳለ፣ ያኛው ምን ብሎ እንደመለሰ፣ እናትየው ሰምታ ምን እንደተናገረች። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወሬያቸውን የሚያወርዱት በስፓኒሽ ነው። «ኢ ሜ ዲሆ፣ ኢ ሌ ዲሄ» ይላሉ፤ እንዲህ አለኝ፣ እንዲህ አልኩት ማለት ነው። አውቶቡሱ ዝናብ እንደሚወርድበት ቆርቆሮ ይንጫጫል። ሌላ ሹፌር ቢሆን ጆሮውን ይደፍን ነበር። ዓባይነህ ግን መሪውን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ለሌላው ጫጫታ የሆነው ለእሱ ግስ ነው።

ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው። አጠር ያለ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ቀይ መብራት ላይ የሚያንጎራጉር፣ አረንጓዴ ሲበራ ስንኙን ሳይጨርስ የሚነሳ ሰው ነው። ልጆቹ «ዶን አባይ» ይሉታል፤ ጋሼ አባይ እንደ ማለት ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ቀን ዓይኑን ያፈጥበታል፤ ይህ ሐበሻ ሰውዬ ስፓኒሽ መናገሩ ሳያንስ፣ የቃላቱን ጅራት እየዋጠ ልክ እንደ ኩባ ሰው ነው የሚናገረው።

ምክንያቱ ሩቅ ነው። አባቱ ምሥራቅ ግንባር ላይ የቀረ ወታደር ነበር። ዓባይነህ በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ እንደ እሱ አባት ከሌላቸው ብዙ ልጆች ጋር መርከብ ተሳፍሮ ኩባ ገባ። በአንዲት ደሴት ላይ ግማሽ ቀን ብርቱካን እየለቀመ፣ ግማሽ ቀን እየተማረ አደገ። ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ዝንቡን ሳይቀር በሚያስተኛበት ሰዓት፣ መምህርት ኦፌሊያ የምትባል ቀጭን ሴት ታሪክ ታነብላቸው ነበር። ድምጿን አትለዋውጥም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ተኩላውንም በአንድ ድምፅ ነው የምታነበው። ንግግሩ አልቆ ግሱ ጋ ስትደርስ ግን ፊቷ ይለወጣል። «ሱሱሮ» ስትል፣ አንሾካሾከ ማለት ነው፣ አርባ ልጅ አንድ ላይ አንገቱን ወደ ፊት ያሰግጋል። «ግሩኞ» ስትል፣ እያጉረመረመ ተናገረ ማለት ነው፣ ኋላ ያሉት ይስቃሉ።

ያኔ ነው የገባው። ታሪክን የሚያስኬደው የተባለው ነገር ብቻ አይደለም፤ አባባሉም ነው። አባባሉን የምትናገረዋ ያቺ ትንሽ ቃል ከንግግሩ ኋላ ተደብቃ እንደ ማሲንቆ ጭራ ዜማውን ሁሉ ታወጣዋለች። ዓባይነህ ደብተር ገዝቶ መልቀም ጀመረ። ብርቱካኑን ቀን ለቅሞ ለመንግሥት ያስረክባል፤ ግሱን ለራሱ ያስቀራል። አገሩ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ አርባ ሦስት የመናገር ግሶች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚናገረው። የትራክተር መካኒክ ሆነ፣ ዲቪ ደረሰው፣ ፓርኪንግ ሠራ፣ ሶሊን አገባ፣ ቤዛዊት ተወለደች፣ ባሱን መንዳት ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ቁጭ ብሎ የሚናገረው ስለ መጽሐፉ ነው።

መጽሐፉን ያገኘው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሪቨርዴል ፓርክ አንድ ጋራዥ ሴል ላይ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ በሚሸጥበት፣ የሕፃናት ጫማ በሞላበት ካርቶን ውስጥ ነው። ቀጭን የስፓኒሽ ልብ ወለድ ናት። ኢነስ የምትባል መረብ ጠጋኝ በባሕር ዳር መንደር ትኖራለች። ባሏ ራሞን በጀልባ ወጥቶ አልተመለሰም። የመንደሩ ሰው ጥቁር እንድትለብስ፣ የሰውየውን ወንበር እንድትሰጥ፣ ክፍሉን እንድታከራይ ይጎተጉታታል። እሷ ግን ከባሏ ጋር ማውራቷን አልተወችም። እሱም ይመልስላታል፤ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ሾርባው ጨው። ሲነግሩት የሚያሳዝን ሲያነቡት የሚያስቅ ታሪክ ነው፤ ራሞን ነገረኛ ነዋ።

ዓባይነህ ገና ሃያ ገጽ ሳይሄድ አንድ ነገር ጆሮውን ያዘው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የየራሱ ግስ አለው። ቄሱ ሲናገሩ ያስረግጣሉ፣ ጎረቤቲቱ ታንሾካሹካለች፣ የራሞን ወንድም ያጉረመርማል፣ ኢነስ ትመልሳለች፤ ደራሲዋ የጻፈችውም ሁሉንም በኃላፊ ጊዜ ነው። ራሞን ግን ያለችው አንዲት ተራ ግስ ብቻ ናት፤ እሷም በአሁን ጊዜ። «ዲሴ ራሞን።» ይላል ራሞን ማለት ነው። የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎት መቶ ገጽ ጠበቀ። ስህተቱ እስከ መጨረሻው አልታረመም።

ምስጢሩን የገለጠችለት ዶኛ ሮሲታ ናት። ዶኛ ሮሲታ አውቶቡሱ ላይ ትንንሾቹን የምትጠብቅ የሳልቫዶር ሴት ናት። ጥያቄውን ሲያቀርብላት የአንዱን ልጅ ቀበቶ እያሰረች ነበር፤ ቀናም አላለች።

«እናቴ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው» አለችው። «እስከ ዛሬ ግን 'ሚ ማማ ዲሴ' ነው የምለው። እናቴ እንዲህ ትላለች ነው እንጂ። 'ዲሆ' ብዬ 'አለች' ካልኩማ ቀበርኳት ማለት አይደል?»

የዚያን ቀን ዓባይነህ አንድ መታጠፊያ አለፈው። በሥራ ዘመኑ የመጀመሪያው ነበር፤ ልጆቹ በደስታ አጨበጨቡለት። መጽሐፉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የወሰነው እዚያው የተሳሳተ መንገድ ላይ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሥራው ሲጋመስ፣ ለደራሲዋ ጻፈላት። አሮጊት ናት፤ ሰሜን ስፔን ባሕር ዳር ትኖራለች። መልሷ በሰማያዊ ቀለም፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ተጽፎ መጣ። ፈቅጃለሁ፣ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አደራ፣ ራሞን በእጅዎ እንዳይሞት። ወረቀቱን የአውቶቡሱ የፀሐይ መከላከያ ላይ ሰካው። ፀሐይ በመጣ ቁጥር እያወረደ ያየዋል።

አማርኛ ግስ አላነሰውም። ቤት ውስጥ እሱና ሶሊ እራት ላይ ሲወራወሩት ይከርማሉ። ሶሊ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው የምትሠራው፤ አዛውንት ስትሰማ ስለምትውል ለሁሉም መልስ አላት። «ግሩኞን በአማርኛ ምን ልበለው» ብሎ ሲጠይቃት «ጠዋት ካልሲህ ሲጠፋ የምታሰማው ነዋ» አለችው። አጉረመረመ ብሎ ጻፈ። ለሚያለቃቅሰው፣ ለሚነጫነጨው፣ ለሚንተባተበው ሁሉ ተገኘለት።

ግን አማርኛ ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት አንዲት ሚጢጢ ቃል አለችው። ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ፈገግ አለ፣ እምቢ አለ። ሰውነታችን የሚንቀሳቀሰው በእሷ ነው። ዝም አለ እንላለን፤ ዝም ያለ ሰው ምን ብሎ ነው አለ የሚባለው? በእኛ ቋንቋ ዝምታ እንኳ ይባላል። ዓባይነህ ይህን ሲያስብ መብራት ላይ ብቻውን ይስቃል። ያቺን ቃል ግን ለራሞን አልሰጣትም። አደራ አለበት። ለራሞን «ይላል» ብሎ፣ የአሁኑን ጊዜ ጠብቆ፣ በአሥር ዓመቱ መጽሐፉን ጨረሰ።

አሁን የቀረው ማሳተም ነው። እዚህ አካባቢ የአማርኛ መጽሐፍ የምታሳትመው ወይዘሮ እታለማሁ ናት። ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤቷ ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የማያርፍ ስልክ አላት፤ የምታወጣው በዓመት ሁለት መጽሐፍ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። የዘንድሮው አንዱ ቦታ ተይዟል። ለቀረው ቦታ ሁለት ሰው ቆሟል፤ ዓባይነህና ወይዘሮ ስሂን። የወይዘሮ ስሂን መጽሐፍ መቶ ሃያ የጾም ምግብ አሠራር ነው። ያ መጽሐፍ እንደሚሸጥ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። እታለማሁም አልደበቀችም፤ ነገር ግን የዓባይነህን ረቂቅ ወስዳ አነበበችና ደወለች።

«አቶ ዓባይነህ» አለች፣ «ይሄ 'ይላል ራሞን፣ ይላል ራሞን' ምንድነው? ዜና ነው ስብከት? ሰውዬው ዓሣ አጥማጅ ነው ወይስ ሐዋርያ?»

ግማሽ ሰዓት አስረዳት። ስለ ዶኛ ሮሲታ እናት ሳይቀር ነገራት። እሷም እስኪጨርስ ጠብቃ የስፓኒሹን ለስፓኒሾቹ ይተዉላቸው አለችው፤ የአማርኛ አንባቢ ልብ ወለድ ሲያነብ የለመደው «አለ» ነው፣ ከዚህ በኋላ በየገጹ ይላል የሚል ካየሁ አልቀጥልም። ከተስማማ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ውስጥ ሰው ሰብስባ ታስነብበዋለች፤ ሰው ሲነበብለት ካልሰለቸው የቀረው ቦታ የእሱ ነው። ከሰለቸው ጾሙ ይቀድማል።

ሁለት ሳምንት ከራሱ ጋር ታገለ። አሥራ አንድ ዓመቱ ካርቶን ውስጥ ከሚቀር፣ አንዲት ግስ ብትቀየር ምን ይሆናል? የደራሲዋ ወረቀት ከፀሐይ መከላከያው ላይ ታየዋለች። በመጨረሻ አንድ እሑድ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠና ሁለት መቶ አሥራ አራት «ይላል» እየፈለገ አጠፋ፤ በየቦታው «አለ» ብሎ ተካ። በእያንዳንዱ የሰውየውን ዓይን የከደነ መሰለው።

«ጨረስክ?» አለችው ሶሊ።

«ቀበርኩት» አላት።

ቢሆንም ቅዳሜዋን አጥብቆ ፈለጋት። በጠዋቱና በከሰዓቱ ጉዞ መካከል አውቶቡሱን አቁሞ ለባዶ ወንበሮች ጮክ እያለ ያነባል። ሚያዝያ ነበር፤ የዛፉ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ የሚያለብስበት፣ ግማሹ ሰው የሚያስነጥስበት፣ ግማሹ ዓይኑን የሚያሽበት ወር። ንባቡና ብናኙ ተባብረው ዓርብ ከሰዓት ጉሮሮውን ዘጉት። ቅዳሜ ጠዋት አፉን ከፍቶ ሶሊን ሊጠራ ሲል ምንም አልወጣም። ከአርባ ሦስቱ ግሶች የቀረችው አንዲት ናት። ማንሾካሾክ።

ሶሊ የቅዳሜ ሺፍት አለባት። የቀረችው ቤዛዊት ናት። ቤዛዊት ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ግሪንቤልት አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጥርስ የምታጸዳ ልጅ ናት። የፈራን ሰው ወንበር ላይ የሚያረጋጋ ለስላሳ ድምፅ አላት። ፊደል የቆጠረችው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ አማርኛ የምታነበው በረዶ ላይ እንደሚነዳ ሰው ነው፤ ቀስ ብላ፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ። ነገሩን ስትሰማ አላመነታችም። «አባዬ፣ ዶንት ዎሪ» አለችው፤ «ፊደሉን እኮ አውቀዋለሁ።»

ላይብረሪው ውስጥ ሠላሳ ምናምን ሰው ነበር። እታለማሁ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰቅላ ከኋላ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ስሂን ነጠላቸውን አጣፍተው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ ተቀናቃኛቸውን ሊሰሙ ከውድብሪጅ ድረስ መጥተዋል። ዓባይነህ ልጁ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ቤዛዊት ውሃ ጠጣችና ጀመረች።

ኢነስ መረቧን ይዛ ደጃፏ ላይ ስትቀመጥ በደንብ ሄደ። ጎረቤቲቱ ስታንሾካሹክም በደንብ ሄደ። ከዚያ የራሞን ተራ ደረሰ።

«መስኮቱን ዝጊው፤ ነፋሱ ዳቦውን ያደርቀዋል» ብላ ቤዛዊት አነበበችና ቆመች። ቀጥሎ የቆመውን ቃል አየችው። ይህን ቃል ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ወተት አለ? ሰው አለ? ክላስ አለ ዛሬ? ወረቀት ላይ ብቻውን የቆመው «አለ» ለእሷ ያው የፍሪጁ «አለ» ነው። «ለ»ን ጥብቅ አድርጋ፣ ራሱን እንደቻለ ዓረፍተ ነገር፣ በዚያ ረጋ ባለ ድምፅ አነበበችው።

«አለ ራሞን።»

ተናገረ ሳይሆን፣ አለ። አልሄደም፤ እዚህ ነው።

ዓባይነህ ደነገጠ። ሊያርማት አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። ሁለት መዳፉን ወደ ታች አድርጎ አየሩን ጫን ጫን አደረገው፤ አላልተሽ አንብቢው ለማለት ነበር። ቤዛዊት ቀስ በይ ያላት መሰላትና ፍጥነቷን ቀነሰች። አሁን ደግሞ ራሞን በተናገረ ቁጥር አንድ ትንፋሽ ቆማ፣ ቃሉን ከበፊቱ ይበልጥ አጥብቃ፣ ማኅተም እንደምትመታ ታነበዋለች። ጣቱን አነቃነቀ፤ ፈገግ አለችለት። ከኋላ ያለው ሰው ሙዚቃ የሚመራ መስሎት ይሆናል።

ከግራ በኩል አንድ ሽማግሌ ለጎናቸው ሰው ሰውዬው ሞቷል አላሉም እንዴ ብለው ጠየቁ። ጎናቸው ያለው እሽሽ አላቸው። ዓባይነህ ይህንን ሰማና እጁን ጭኑ ላይ መለሰ። አለቀልኝ ብሎ ነው። አሥራ አንድ ዓመት፣ አንዲት ፊደል ጠብቃ ገደል ከተተችው።

ቤዛዊት ሦስተኛው ምዕራፍ ጋ ደረሰች። ቄሱ ኢነስን ሊያጽናኑ ቤቷ መጥተዋል።

«'ልጄ ሆይ፣ ራሞን የለም፤ አሁን ተቀበዪው' ሲሉ አስረገጡ ቄሱ» ብላ አነበበች። ገጹን ገለጠች።

«'ሾርባው ጨው አንሶታል።'»

ቆመች።

«አለ ራሞን።»

ሳቁ ከየት እንደጀመረ አይታወቅም፤ ክፍሉን ሁሉ ወሰደው። ቤዛዊትም ሳይገባት ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ግን ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ ያዳምጥ ጀመር። ራሞን አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር ሰዉ ቤዛዊት ከመድረሷ በፊት በከንፈሩ ቀድሞ «አለ» ይላል፤ ያውም አጥብቆ። ወይዘሮ ስሂን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዓባይነህ ደግሞ ቀስ በቀስ እየገባው ነበር። ደራሲዋ ሟቹን በአሁን ጊዜ አኑራዋለች። እሱ ያንን የአሁን ጊዜ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ አጥፍቷል። ልጁ ደግሞ አንድ ፊደል ሳትነካ፣ በስህተቷ፣ መልሳ አመጣችው።

ንባቡ ሲያልቅ ጭብጨባው ረጅም ነበር። እታለማሁ መነጽሯን ከአናቷ አውርዳ ተነሳች።

«አቶ ዓባይነህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «'አለ ራሞን' የሚለው ጠብቆ ነው ላልቶ የሚነበበው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ቤዛዊት መጀመሪያ ጥያቄው አልገባትም፤ ከዚያ ገባት። ፊቷ ቀላ፤ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ያዘችው። በጆሮው ስህተት አነበብኩብህ እንዴ አለችው። ጠብቆ ነው ብሎ ራሱን ቢነቀንቅ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ የብልሃቱ ባለቤት እሱ ይሆናል፤ መጽሐፉም በእርግጥ ይታተማል። ላልቶ ነው ካለ ሰዉ የሰማውና የወደደው ሌላ መጽሐፍ ነው ማለት ነው፤ እታለማሁ ደግሞ ያልተጻፈ መጽሐፍ አታሳትምም። ዓባይነህ ልጁን ጎንበስ አደረጋትና በጆሮዋ ብዙ አንሾካሾከ። ቤዛዊት ቀና አለች።

«አባዬ ይላል» ብላ ጀመረች፤ «እኔ ስጽፈው ላልቶ ነበር። ልጄ ናት ያጠበቀችው። እሷ እስክታነበው ድረስ ራሞንን በእጄ የገደልኩት መስሎኝ ነበር፣ ይላል። አሁን ግን…» አቋርጣ እንደገና ጆሮዋን ሰጠችው፤ «አሁን ግን ፊደሉ ያው አንድ ነው፤ ሰው እንደሆነለት ያንብበው፣ ይላል።»

እታለማሁ አፏን ከመክፈቷ በፊት ወይዘሮ ስሂን ተነሱ። አልቸኮሉም።

«የእኔ ባል ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አሉ። «ወጥ ስሠራ እስከ ዛሬ በርበሬውን ቀንሺው ይለኛል። ሰው ሲጠይቀኝ ግን የለም እላለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል? ይኸው ዛሬ ቃሉን አገኘሁት።» ወደ ኋላ ዞሩ። «እታለማሁ፣ የእኔን መጽሐፍ ለከርሞ አድርጊው። ጾም እንደሆነ በየዓመቱ አለ።»

የመጨረሻዋን ቃል ልክ እንደ ቤዛዊት አጥብቀው ነው ያሏት። ክፍሉ እንደገና በሳቅ ተናጋ። እታለማሁ በሳቁ መሐል እሷም ሳትወድ ሳቀችና፣ እሺ፣ ዘንድሮ ራሞን ነው አለች። ከዚያ ጣቷን ወደ ዓባይነህ ዘረጋች።

«'ይላል'ን አውጡት ያልኩት እኔ መሆኔ ግን እንዳይረሳ።»

ያ ሳምንት ሥራ የበዛበት ነበር። ዓባይነህ ለመጽሐፉ አሥራ አራት ገጽ መግቢያ ጽፎ ነበር፤ በስፓኒሽ ልብ ወለድ ውስጥ የመናገር ግሶች ታሪኩን እንዴት እንደሚያስኬዱት፣ ከመምህርት ኦፌሊያ ጀምሮ፣ አርባ ሦስቱንም በፊደል ተራ ደርድሮ። እታለማሁ አይታ መለሰችለት። ይሄን ሁሉ ሰው አያነብልዎትም፤ ሁለት መስመር ብቻ ይስጡኝ አለች። ሁለት መስመር? ይህን ያህል ዕድሜ ለሁለት መስመር? ይህንኑ በልቡ እያጉረመረመ፣ ግሩኞ፣ በአውቶቡሱ ሰባቱን ፌርማታ ዞረ። አራተኛው ቀይ መብራት ላይ ግን ማጉረምረሙ ወደ ዜማ ተለወጠ፤ ስድስተኛው ላይ ስንኝ ሆነ። ዛሬ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ መግቢያ መሆን በነበረበት ቦታ፣ ኢነስ እንደምታንጎራጉረው ሆኖ የታተመው ይህ ነው፦

ጎረቤት ጠየቀኝ ከጓዳዬ ገብቶ፣
አለ ስል መለስኩ፣ ጠብቆም ሆነ ላልቶ።

ለደራሲዋም ጻፈላት። እኛ ጋ «ተናገረ» እና «እዚህ ነው» በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ ራሞን ደህና ነው አላት። መልሷ እስካሁን አልመጣም፤ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ ጊዜ ይወስዳል። የድሮ ወረቀቷ አሁንም የፀሐይ መከላከያው ላይ ናት።

ድምፁ በተመለሰ ማግስት ስንኙን ለዶኛ ሮሲታ ሊተረጉምላት ሞከረ። የመጀመሪያው መስመር በቀላሉ ሄደ። ሁለተኛው ላይ ቆመ። «ዲሴ» ቢል ሰውዬው ይናገራል እንጂ አይኖርም፤ «ኤስታ» ቢል ይኖራል እንጂ አይናገርም። ሁለት ግስ ሆነበት። ያ ሁሉ ባለጸጋ ቋንቋ፣ አርባ ሦስት ግስ ያለው ቋንቋ፣ ይህቺ አንዲቷ የለችውም። ዓባይነህ መሪውን መታና በሳቅ ፈነዳ።

«ተወው እንግዲያው» አለችው ዶኛ ሮሲታ። «በራስህ ቋንቋ በለውና እንስማው።»

አለው። በዜማ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ። ኋላ ወንበር ላይ ያሉት ልጆች አዲስ ቃል አግኝተው ተቀባበሉት፤ አለ፣ አለ፣ አለ። ግማሾቹ አጥብቀው፣ ግማሾቹ አላልተው። ዶን አባይ በመስታወቱ አያቸው፤ ማንንም አላረመም። መብራቱ አረንጓዴ በራ።